የደከመ ሁሉ አላረፈም

ልጆቻችን በዚህ አገር ውሻ ማሳደግ ከጀመሩ ቆይተዋል። በጎንደር ገጠር ውሻ የደጅ ነበር፤ ዛሬ ግን ወደ ቂርያት መላኪም ብትመጡ፣ ወደ ጌዴራም ብትሄዱ፣ ወደ ያቭኔም ብትወርዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሳሎኑ ምንጣፍ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። እኔ ይህን ልነቅፍ አልተነሣሁም። ዘመኑ ነው፤ ደግሞም ብቻውን የሚኖር ልጅ ማታ በሩን ሲከፍት የሚቀበለው ነፍስ ያለው ነገር ማግኘቱ ጥሩ ነው። የምጽፈው እነዚህን ውሾች እያየሁ አንድ ጥያቄ ስለያዘኝ ነው። ፍጡርን ማድከምና ፍጡርን ማሳረፍ አንድ ነገር ነው ወይ? አንድ ካልሆነስ፣ ያደከምነው እኛ ከሆንን፣ ዕረፍቱም የእኛ ዕዳ ነው ወይ?

እኔ የምኖረው ቂርያት መላኪ ነው። ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ግማሾቹ ጌዴራ፣ ግማሾቹ ያቭኔ ናቸው። መንገዱ ሩቅ ስላልሆነ ሽማግሌ ሰው ለሰርግም ለለቅሶም እያለ ሦስቱን ከተማ ሲዞር ይኖራል። በሦስቱም ውሻ አይቻለሁ፤ ሐሳቤም ከሦስቱም የተለቀመ ነው።

ከያቭኔው ልጀምር። የልጅ ልጄ እዚያ አንድ እግረ ረጅም ውሻ አለው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ውሻውን ይዞ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ በኩል ወዳለው አሸዋ ይወጣል። ኳስ ይወረውርለታል፤ ውሻው ይሮጣል፣ ያመጣል፤ ይወረውራል፣ ይሮጣል። እንዲህ እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ። ሲመለሱ ውሻው ምላሱ ወጥቶ፣ ጎኑ እየተነፋና እየሰረጎደ ነው። እንዲህ የደከመ ፍጥረት በሩን እንዳለፈ ወድቆ ይተኛል ትላላችሁ። አይተኛም። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ወጥ ቤት ይመላለሳል። ይጋደምና መልሶ ይነሣል። ነጠላ ጫማዬን ያነሣል፣ ይጥላል። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ይጮኻል። ልጁም፣ "አባባ፣ ገና አልደከመም ማለት ነው፤ ነገ ሁለት ሰዓት አስሮጠዋለሁ" ይለኛል።

እኔን ያስቆመኝ ይህ "ገና አልደከመም" የሚለው ቃል ነው። እንስሳ ካልተቀመጠ ያልደከመ ነው፣ ሲደክም ያርፋል ብለን ሁላችንም እናስባለን። ቋንቋችን ግን እንዲህ አይልም። ደከመ ማለት ኃይሉ አለቀ ማለት ነው። ዐረፈ የሚለውን ግን ልብ በሉት። ወፏ ቅርንጫፉ ላይ ዐረፈች እንላለን። እንግዳው እነ እገሌ ቤት ዐረፈ እንላለን። ለሞተም ሰው ዐረፈ እንላለን። በዚህ ቃል ውስጥ ሁልጊዜ ቦታ አለ፤ መድረሻ አለ። ወፏ ክንፏ ስለዛለ ብቻ አታርፍም፤ ቅርንጫፍ ስላገኘች ነው። ቅርንጫፍ ካጣች ደክማም ትበራለች። ስለዚህ የደከመ ሁሉ አላረፈም።

ወደ ሐሳቡ ከመግባታችን በፊት ግን ሥጋውን መመርመር ይገባል። ውሻ አፍ አውጥቶ "እዚህ ጋ አመመኝ" አይልም፤ በመቅበጥበጥ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ሙቀት ነው። ውሻ እንደ እኛ በቆዳው ሁሉ አያልበውም፤ በመዳፉ ጥቂት ያልበዋል እንጂ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። በእኛ ቆላ፣ በበጋ ምሽት አየሩ እርጥብ ሲሆን ማለክለኩ እንደ ልብ አያበርደውም። ሳይበርድለት ደግሞ አይተኛም። ውኃና ጥላ ሰጥቶ መጠበቅ ነው፤ ማለክለኩ ካልቀነሰና መንገዳገድ ከጀመረ ግን አደጋ ነው።

ሁለተኛ መዳፉን ማየት ነው። አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ጥቂት ሰኮንድ መታገሥ ካቃታችሁ እሱም በባዶ እግሩ ነው የሚሄድበት። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በዚህ አገር ሣሩ ሲደርቅ ዘለላው እንደ ቀስት ይሆናል። በጣቶቹ መካከልና በጆሮው ይገባል፤ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። በዕድሜ የገፋ ውሻ ከሆነም ሲሮጥ ያልተሰማው መገጣጠሚያ ሲተኛ ይጠዘጥዘዋል፤ ይህን እኛ ሽማግሌዎች አስተማሪ ሳያስፈልገን እናውቀዋለን።

ከሁሉ የሚብሰው ሆድ ነው። ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ጨጓራቸው በአየር ተነፍቶ ሊዞርባቸው ይችላል። ያን ጊዜ ውሻው ይቅበጠበጣል፣ ሊያስመልስ ይታገላል፣ ምንም አይወጣም፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነገር ስለሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ቬተሪናር ነው። ለዚህም ነው ከብርቱ ሩጫ በፊትም ወዲያው በኋላም ጠገብ አድርጎ ማብላት ጥሩ አይደለም የሚሉት።

ይህ ሁሉ ታይቶ ውሻው ጤነኛ ከሆነስ? የያቭኔው ውሻ ጤነኛ ነው። እንግዲህ ችግሩ ከደሙ ነው። ሮጦ የቆመ ፍጥረት እግሩ ቢቆምም ደሙ አልቆመም። ሐኪሞች አድሬናሊን የሚሉት፣ ለመሮጥና ለመታገል የሚያዘጋጀው ነገር፣ በአንድ ጊዜ እንደ መብራት አይጠፋም፤ አብሮት የሚነሣው ኮርቲዞል የሚባለው ደግሞ ከእሱም ይቆያል። በሰውም የታወቀ ነው። ሰርግ ቤት እስክስታ ሲወርድ ያመሸ ሰው ጉልበቱ ዝሎ አልጋው ላይ ቢወጣም ጆሮው ውስጥ ከበሮው ይመታል። እንቅልፉ ያለፈበት ሕፃንም እንዲሁ ነው፤ በደከመው መጠን ይነጫነጫል እንጂ አይተኛም። ቡችላም እንደዚያው።

የኳሱ ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በስሜን ተራራና በባሌ ያለውን ቀይ ቀበሮ አስቡት፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘውን። ቀን ቀን ለየብቻው ሆኖ አይጥ ያድናል። ያደባል፣ ይወረወራል፣ ይይዛል፣ ይበላል። ማታ ከወገኖቹ ጋር ይሰበሰብና በሜዳ ላይ ተጠቅልለው አፍንጫቸውን ከጅራታቸው ሥር ቀብረው ያድራሉ። ሩጫው መጨረሻ አለው፤ መጨረሻው መብላት ነው፣ ቀጥሎም መተኛት። ኳሱ ግን አይበላም። ውሻው ያዘው ሲባል ይነጠቃል፤ ተነጥቆም ይወረወራል። መቶ ጊዜ አድኖ መቶ ጊዜ ባዶ አፉን ይመለሳል። እንዲህ ያለው አደን ቤት ከገባም በኋላ ያላለቀ ነው። ነጠላ ጫማዬን የሚያነሣው ለዚህ ይመስለኛል፤ የቀረውን ሊጨርስ።

"ነገ ሁለት ሰዓት" የሚለውም መፍትሔ ብዙ አያራምድም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በየቀኑ እየሮጠ ሰነፍ አልወጣውም። በየቀኑ የሮጠ ይበረታል። ዘንድሮ በአንድ ሰዓት የሚዝል ውሻ ለከርሞ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፤ ጌታው ግን በዓመት አንድ ዓመት ያረጃል። ይህ ጌታው የማያሸንፈው እሽቅድምድም ነው።

እዚህ ላይ ለልጁ ፍርድ ልስጠው። ልጁ ክፉ አይደለም። ጠዋት ሲወጣ ውሻውን ቤት ይዘጋበታል፤ ሲመለስ ጨለማ ነው። በዚያ አንድ ሰዓት የቀኑን ሁሉ ዕዳ ሊከፍል ይሮጣል። "ካላሮጥኩት ቤት ያፈርሳል፤ ደግሞ ያሳዝነኛል" ይላል። እውነቱን ነው። ውሻ መሮጥ አለበት። የማይሮጥ ውሻ ምን እንደሚመስል ለማየት ከእኔ ሰፈር መራቅ አያስፈልግም።

ቂርያት መላኪ በ1951 የተመሠረተች፣ ከስደተኞች ድንኳንና ከቆርቆሮ ቤት የተነሣች ከተማ ናት። ስሟም የመላእክት ከተማ ማለት ነው፤ የረዷት የሎስ አንጀለስ አይሁድ ስለነበሩ በእነሱ ከተማ ስም ተጠራች። በዚህች በመላእክት ከተማ፣ ከቤቴ ትይዩ በረንዳ ላይ ሲታሰር የሚውል አንድ ውሻ ነበር። ሩጫ የለ፣ ድካም የለ። አርፏል ልትሉ ነው? ቀኑን ሙሉ በሰንሰለቱ ልክ ግማሽ ክብ ሲዞር ይውል ነበር፤ የበረንዳው ሸክላ እስኪፋቅ ድረስ። እንግዲህ አንዱ ከመሮጥ ብዛት አያርፍም፣ ሌላው ከመታሰር ብዛት አያርፍም። ዕረፍት ከሁለቱም መካከል ያለ ሦስተኛ ነገር ነው ማለት ነው። ምንድን ነው?

እኔ መልሱን ያገኘሁት ከኦሪት ነው። እኛ ቤተ እስራኤል ሰንበትን እንዴት እንደምናከብር የሚያውቅ ያውቃል። በግዕዝ የተጻፈ ትእዛዘ ሰንበት የሚባል መጽሐፍ ነበረን፤ ሰንበት በውስጡ እንደ ንግሥት፣ በፈጣሪ ፊት ቆማ እንደምትማልድ ሆና ትታያለች። ኦሪት ደግሞ ሰንበትን ስታዝ ሰውን ብቻ አላዘዘችም። ወንዱንም ሴቱንም፣ ሎሌውንም፣ መጻተኛውንም ቆጥራ በሬውንና አህያውን በስም ጠርታለች። እነሱም እንዲያርፉ። ይህን ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ በሰንበት በሬ አይጠመድም።

የማናውቀው የሊቃውንቱን ትርጓሜ ነበር፤ እሱ ከእኛ ጋር አልነበረም፤ እዚህ መጥተን በምኩራብ ትምህርት ነው የሰማነው። መኪልታ የሚባለው የጥንት ትርጓሜ፣ እሱንም ተከትለው ከ900 ዓመት በፊት በፈረንሳይ አገር የነበሩት ራሺ፣ ስለዚያ በሬ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። በሬው እንዲያርፍ ሲባል ምን ይደረግ? ቤት ውስጥ ይታሰር? አይደለም፤ ያ ዕረፍት ሳይሆን ሥቃይ ነው ይላሉ። ዕረፍቱ መስክ ላይ ተለቆ በገዛ አፉ ከመሬቱ ሣር እየነጨ መብላቱ ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ያ የበረንዳው ውሻ ትዝ አለኝ። ሊቃውንቱ ስለ በሬ ሲናገሩ የእኔን ሰፈር የሚያዩ መሰለኝ።

ነገሩን አስተውሉት። በሬው ሣር ሲነጭ እየሠራ ነው፤ አንገቱም ጥርሱም ይንቀሳቀሳል። ግን ቀንበር የለበትም፣ ጅራፍ የለበትም፣ ወዴት እንደሚረግጥ ራሱ ይመርጣል። እንግዲህ ዕረፍት ማለት አለመንቀሳቀስ አይደለም። ፍጡሩ ተፈጥሮው የሚወድደውን በራሱ ልክና በራሱ ጊዜ ማድረጉ ነው። የበሬው ሣር ለውሻ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ማሽተት ነው እላለሁ። ውሻ ዓለሙን የሚያነብበው በአፍንጫው ነው። ኳስ እያባረረ ሲበር አንዲት ቅጠል አያሸትም። አሸዋውን ሁሉ ረግጦት ምንም ሳያይ ይመለሳል።

በሰፈራችን፣ በጎንደር፣ ውሻን ማንም አያስሮጠውም ነበር። ሌሊት ጅብና ቀበሮ ይጠብቃል፤ ጠዋት ከእረኛ ጋር ከብቱን ተከትሎ እያሸተተ ይሄዳል፤ ፀሐይ ሲበረታ ከጎተራው ሥር ተጋድሞ ያንቀላፋል። ያ ኑሮ ለውሻ ገነት ነበር አልልም። ይራብ ነበር፤ ድንጋይ ይወረወርበት ነበር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚባል አያውቅም። እዚህ በየዓመቱ ይከተባል፣ በአንገቱ ቆዳ ሥር ቁጥሩ ይቀበርለታል፤ በ1994 የወጣ ሕግም እንስሳን ማሠቃየትን ይከለክላል። በዚህ ዛሬ ይሻላል። ዕረፍቱን ግን እዚያ ማንም አይሰጠውም፣ ማንም አይነሣውም ነበር፤ ከቀኑ ጋር የተሰፋ ነበር። እዚህ የውሻው ቀን የተሰፋው በጌታው ሰዓት ነው። መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚሮጥ፣ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሰው ነው። ጊዜውን ሁሉ የወሰደ ደግሞ ዕረፍቱንም አስቦ መስጠት አለበት። ዕዳ ነው ወይ ላልኩት መልሴ ይህ ነው።

ይህን ለጌዴራዋ የልጅ ልጄ ስነግራት፣ እሷ የተማረች ናትና፣ ዝም ብላ አልተቀበለችኝም። "አባባ፣ አንተ የምትፈልገው የውሻውን ዕረፍት ነው ወይስ የራስህን ጸጥታ?" አለችኝ። ጥያቄዋ ከባድ ነው፤ ብዙ ቀን አሰብኩበት። ውሻው ሲቅበጠበጥ የምንበሳጨው እኛ ነን። ቴሌቪዥን አላሰማ አለን፣ ጎረቤት ተቆጣን። እስኪዝል ብናስሮጠውም፣ ክፍል ብንዘጋበትም፣ ብንጮኽበትም ጸጥ ሊል ይችላል። ጸጥታ ለእኛ ነው፤ ዕረፍት ለእሱ ነው። ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ግን ጸጥታው የዕረፍት ልብስ ለብሶ ይመጣል።

እንዴት ይለያል? ዓይኑንና ትንፋሹን በማየት። ተጋድሞ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ዓይኑ በሩ ላይ የተተከለ ውሻ ዝም አለ እንጂ አላረፈም። ጎኑ ላይ ወድቆ እግሩን የዘረጋ፣ ረጅም ተንፍሶ ወደ ታች የለቀቀ ውሻ ዐርፏል። ደግሞ አጥንቱን ይዞ ቀስ ብሎ የሚግጥ ውሻ ድምፅ ቢያሰማም ዐርፏል፤ እሱ ሣር የሚነጨው በሬ ነው። ስለዚህ መልሴ፣ ልጄ፣ ጸጥ ባይልልኝም ያርፍ የሚል ነው አልኳት።

ታዲያ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ የሰንበታችን ሌላ ጥበብ ይረዳናል። እናቶቻችን ሰንበትን በድንገት አልገቡባትም። ዓርብ ነበራት። ዓርብ ልብስ ይታጠባል፣ የሰንበት ዳቦ ይጋገራል፣ ውኃ ይቀዳል። ገበሬው ቀኑ ሳይመሽ ሞፈሩን ያነሣል፤ ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል፤ ንጹሕ ይለብሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። ሰው ከሞፈር ተነሥቶ ቀጥታ ሰንበት ውስጥ ቢወድቅ ሥጋው ይቀመጥ እንጂ ልቡ ሲያርስ ያድር ነበር። ዓርብ በሥራና በዕረፍት መካከል ያለች በር ናት። ለውሻውም የጎደለው ይህች በር ናት። ከአሸዋው ሩጫ ቀጥታ ወደ አራተኛ ፎቅ፤ ከጫጫታው ቀጥታ ወደ "ተኛ!"። ዓርብ የሌለው ሰንበት።

የጌዴራዋ ልጅ ሞከረችው። ሩጫውን አላስቀረችም፤ አሳጠረችው። ኳሱ ጥቂት ጊዜ ተወርውሮ ኪሷ ይገባል። ከዚያ መንገዱን በረጅም ገመድ፣ በውሻው እግር ልክ፣ በቀስታ ትመለሳለች፤ ቁጥቋጦ ሁሉ ይሸተታል፣ እሷም አትጎትተውም። ቤት ሲገቡ ውኃ፣ መዳፉን ማበስ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ በተነጠፈች ምንጣፍ ላይ የሚያኝከው ነገር። ከዚያ እሷ ትቀመጣለች። ይህ የመጨረሻው ዋናው ነው፤ ውሻ የሰውን እግር ያያል። እሷ ስልኳን ይዛ ከክፍል ክፍል ስትል እሱም ይከተላል። ማን ነው ያላረፈው? አንዳንዴ ውሻው የሚያሳየን የቤቱን መንፈስ ነው።

ተአምር ሆነ አልላችሁም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባሰበት፤ ኳሱን በአፉ ይዞ እየመጣ ጉልበቷ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን መመላለሱ እያጠረ መጣ፤ አሁን አብዛኛውን ማታ ምንጣፉ ላይ ያርፋል። ሳይረን የጮኸ ቀን ወይም ርችት የተተኮሰ ማታ ሁሉም ይፈርሳል፤ በማግስቱ ከአንድ ነው። ጤነኛ ትልቅ ውሻ ከቀኑና ከሌሊቱ ግማሹን ያህል ይተኛል፤ ቡችላና ሽማግሌ ውሻ ደግሞ ከዚያም በላይ። ይህ ሁሉ እንቅልፍ ለአንድ ፍጥረት ሕይወቱ እንጂ ትርፉ አይደለም።

አንዱ ተነሥቶ፣ "ሽማግሌው የውሻን ነገር ሰንበት ድረስ ወሰደው፤ ውሻ ምን ሰንበት ያውቃል?" ይል ይሆናል። አዎ፣ አያውቅም። በሬውም አያውቅም። በሬው ሰባት ቀን መቁጠር አይችልም፤ ገበሬው ነው የሚቆጥርለት። የሕጉ ክብሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው ለራሱ ቢያርፍ ምን ያስደንቃል? ደክሞታልና። መቁጠር ለማይችለው መቁጠር ግን ጽድቅ ነው። ኃይል ያለው ኃይል ለሌለው ቀኑን ካልቆጠረለት ማንም አይቆጥርለትም።

ለምን ይህ ነገር እንዲህ ያዘህ ብትሉኝ፣ እኛም ይህን በሥጋችን ስለምናውቅ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ብዙዎቻችን በእግራችን ወደ ሱዳን ሄድን። በመንገድና በመጠለያው 4,000 ያህል ወገን አለቀ። እዚህ ስንደርስ በመርካዝ ክሊጣ አልጋ ሰጡን፤ ነጭ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ። ከእኛ የበለጠ የደከመ ማን ነበር? ግን ስንቱ ሌሊቱን ሙሉ በኮሪደሩ ሲመላለስ ያድር ነበር። ደግ ሰዎች፣ "ደክሟችኋል፣ ተኙ" ይሉን ነበር። መድከማችን እውነት ነው። ግማሻችን ግን ገና እዚያ ነበር፤ እናት ቀርታ፣ ወንድም ቀርቶ። እግራችን ደርሶ እኛ አልደረስንም ነበር።

በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲመጣ ቀኑ ዓርብ ነበር፤ አውሮፕላኖቹም በሰንበት ጭምር በረሩ፤ ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራልና። ወንድሜ ከእነሱ ጋር ነበር። በዚያ ሳምንት ሥራዬ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ቤቴ እንግዳ ሞልቶ ቁጭ ያልኩበት ጊዜ አልነበረም። ያረፍኩት ግን ያን ሳምንት ነው። ወፏ ቅርንጫፏን አገኘች። ዕረፍት ከጉልበት ማለቅ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ በ1984 ባረፍን ነበር።

ዛሬም በቤታችን ያላረፉ አሉ። በሁለት ሺፍት የሚሠራ አባት አለ። ዓርብ ከሠራዊቱ ቦርሳውን ተሸክሞ የሚመጣ ልጅ አለ፤ እናቱ አልጋ አንጥፋ "ተኛ ልጄ" ትለዋለች፤ እሱ መኪና ይዞ እስከ ሌሊት ይዞራል። "ገና አልደከመም" አንበል። ደክሟል። የጎደለው በሩ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያልፍበት። አጠገቡ ቡና አፍልቶ ሳይጠይቀው የሚቀመጥ ሰው ነው።

ስለዚህ ውሻ ላላችሁ ልጆቼ የምለው ጥቂት ነው። አስሩጡት፤ አትሰሩት። ሲሮጥ ግን መጨረሻውን እናንተ አብጁለት። የመንገዱን የመጨረሻ ሩብ ለአፍንጫው ተዉለት። ቤት ስትገቡ ቦታው የታወቀ ይሁን። ከዚያም ቁጭ በሉ፤ እውነተኛ መቀመጥ። ይህን ለውሻችሁ የምታደርጉት ከሆነ፣ ማታ ማታ እናንተም በቀን አንድ ጊዜ ተቀመጣችሁ ማለት ነው።